ሦስት ሜትር ተኩል ድፍረት

ትንሽ የመስክ መኪና ማለት ከመንገድ ውጭ ለመሄድ የሚያስፈልገውን ሁሉ ይዛ፣ መንገድ ላይ ለመመቸት የሚያስፈልገውን አብዛኛውን ትታ የተሠራች መኪና ናት። የያዘችው አራቱንም ጎማ ማሽከርከሪያ፣ ከተራው ማርሽ በታች የሚገባ የጉልበት ማርሽ፣ ጠንካራ ቻሲ፣ ከመሬት ራቅ ያለ ሆድና አጭር ርዝመት ነው። የተወችው ደግሞ የኋላ ተሳፋሪ በር፣ የዕቃ ቦታ፣ ጸጥታና ከኋላ የሚቀመጥ ሰው ጉልበቱን የሚያኖርበት ስፍራ ነው። ይህን ልውውጥ ከመግዛቱ በፊት የሚያሰላ ሰው ጥቂት ነው። ከገዛ በኋላ ግን ሁሉም ያሰላዋል፤ በተለይ በበዓል ዋዜማ።

ከፍ ብሎ የቆመ ሁሉ የመስክ መኪና አይደለም። በ1994 የወጣው ራቭ ፎርና እሱን ተከትለው የመጡት ዘመዶቹ በቤት መኪና አካል ላይ የተሠሩ ናቸው፤ ዝናብና ኮረኮንች አያስደነግጣቸውም፣ ቋጥኝ ፊት ሲደርሱ ግን መመለሻ ይፈልጋሉ። (ዓመቶቹ ሁሉ፣ «ዓ.ም.» ካልተባለባቸው በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ትንሽም ሆነው እውነተኛ የመስክ መኪና የሆኑት በጣት ይቆጠራሉ። ሶቪየት ኅብረት በ1977 ላዳ ኒቫን አወጣች፤ ኒቫ የላዳ ታክሲ ዘመድ ስለሆነ የአዲስ አበባ መካኒክ ኮፈኑን ሲከፍት ብዙ ባዕድ ነገር አያጋጥመውም። ጣሊያን በ1983 ፊያት ፓንዳን አራቱም ጎማው እንዲነዳ አድርጋ አቀረበች፤ ይህ የጉልበት ማርሽ ባይኖረውም በቅለቱ ብቻ የአልፕስን በረዶ ይወጣል። ከሁሉ ይልቅ የታወቀችው፣ በዕድሜም ታላቅ የሆነችው ግን የጃፓኗ ሱዙኪ ጂምኒ ናት። ስለ ትንሽ የመስክ መኪና የሚባለው ጥሩም መጥፎም ነገር ሁሉ እሷ ላይ ተፈትኗል።

ጂምኒ እንድትወለድ ያደረጋት የግብር ደንብ ነው። ጃፓን ከጦርነቱ በኋላ ሕዝቧን መኪና ለማስያዝ ስትል ለትናንሽ መኪኖች የተለየ ቅናሽ ሰጠች፤ በ1960ዎቹ ቅናሹን የሚያገኘው ርዝመቱ ከ3 ሜትር፣ ወርዱ ከ1.3 ሜትር፣ ሞተሩ ከ360 ሲሲ ያልበለጠ መኪና ነበር። በዚህ ልክ ውስጥ ተራራ የሚወጣ መኪና ለማስገባት የደፈረው ሆፕ የሚባል ትንሽ ኩባንያ ነው። ሆፕስታር ኦኤን 360 የተባለችው መኪናው ሞተሯን ከሚትሱቢሺ አግኝታ ነበር፤ የተሠሩት ግን ጥቂት ናቸው፣ ገበያውም አልተገኘም። ሱዙኪ በ1968 የማምረት መብቱን ገዛና የራሱን ሞተር ገጠመበት፤ በኤፕሪል 1970 ኤልጄ10 የተባለችው የመጀመሪያዋ ጂምኒ ለሽያጭ ቀረበች። በቅሎን «አባትሽ ማነው?» ቢሏት «እናቴ ፈረስ ናት» አለች እንደሚባለው፣ ጂምኒም ስለ ሆፕ ስትጠየቅ የምታወራው ስለ ሱዙኪ ነው።

የመጀመሪያዋ ጂምኒ ሞተር 359 ሲሲ፣ ባለ ሁለት ሲሊንደርና በአየር የሚቀዘቅዝ ነበር። የሁለት ባጃጅ ሞተር ቢደመር የሚያህለው ይህንኑ ነው። ጉልበቷ 25 የፈረስ ጉልበት፣ ክብደቷ 590 ኪሎ ግራም፣ ከፍተኛ ፍጥነቷም በሰዓት 75 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። በጣም የሚገርመው ግን የስኮርታ ጎማዋ ነገር ነው። እንደ ሌሎቹ የመስክ መኪኖች ከኋላ ቢሰቀል ርዝመቷ ከ3 ሜትር ያልፍና ቅናሹ ይቀራል። ስለዚህ ጎማው ወደ ውስጥ ገብቶ የአንድ የኋላ ተሳፋሪ ቦታ ላይ ተቀመጠ። መኪናዋ ሦስት ሰውና አንድ ጎማ የምትጭን ሆነች። የጂምኒ ንድፍ አውጪዎች ሰውና ብረት ሲጋጩ ለብረቱ መፍረድ የጀመሩት ያኔ ነው፤ እስከ ዛሬም ፍርዳቸውን አልለወጡም።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ የቀስታ ዕድገት ነው። በ1972 ሞተሯ በውሃ የሚቀዘቅዝ ሆነ። በ1977 ባለ 797 ሲሲዋና ባለ አራት ሲሊንደሯ ኤልጄ80 መጣች፤ ጂምኒም ከጃፓን ውጭ በደንብ መታወቅ ጀመረች። በ1981 ሁለተኛው ትውልድ ወጣ፤ በየአገሩ ኤስጄ410፣ ሳሙራይ፣ ሌላም ሌላም እየተባለ ተሸጠ፣ ስፔን ውስጥ በሳንታና ፋብሪካ ተሠራ። ሕንድ ውስጥ ደግሞ ረዘም ብሎ ጂፕሲ በሚል ስም ከ1985 እስከ 2018 ተመረተ፤ የሕንድ ጦርና ፖሊስ የሚንቀሳቀሱበት መኪና ሆነ። ሦስተኛው ትውልድ በ1998፣ አራተኛው በ2018 ተከተሉ። አንዱ ሞዴል አሥራ ሰባት ዓመት፣ ቀጣዩ ሃያ ዓመት ማለት ነው። ሌሎች ፋብሪካዎች በየአምስትና በየስድስት ዓመቱ መብራቱን ቀጠን፣ አፍንጫውን ሰፋ አድርገው አዲስ ነው ሲሉ፣ ሱዙኪ ለሃያ ዓመት አንዱን መኪና ሲሸጥ ኖረ። በ2018 አጋማሽ ላይ ከጅምሩ አንስቶ የተሸጡት ጂምኒዎች 2.85 ሚሊዮን እንደደረሱ ኩባንያው ገልጿል።

የዚህች መኪና የችሎታ ምስጢር ጉልበት አይደለም፤ ጉልበትማ የላትም። ምስጢሩ ቅለቷ ነው። የአሁኗ ጂምኒ 1,100 ኪሎ ግራም ገደማ ትመዝናለች፤ «ቪ8» እየተባለ የሚፈራው ላንድክሩዘር 200 ግን 2,600 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። በክረምት ዋልካ መሬት ውስጥ የገባ ሾፌር ይህ ልዩነት ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ዋልካ የሞተሩን ሲሲ አይጠይቅም፣ የባለቤቱንም ማዕረግ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ኪሎ ብቻ ነው። ከባዱ መኪና በጉልበቱ ጎማውን ባሽከረከረ ቁጥር የራሱን ጉድጓድ ይቆፍራል። ቀላሏ ግራ ቀኝ እየተንሸራተተች፣ ክብሯን ሳትጠብቅ፣ ላይ ላዩን ታልፋለች። የባሕረ ሰላጤው አገሮች አሸዋ ላይ የምትወደደውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ብትቀረቀርም ጉዳዩ በአጭሩ ያልቃል። አራት ጎልማሶች ጋቢያቸውን አውልቀው ቢገፏት ትወጣለች። ለትልቁ መኪና ግን ሌላ ትልቅ መኪና፣ የብረት ገመድና ሽምግልና ያስፈልጋል። በክረምት ጭቃ ዳር ሆነው የተቀረቀረ መኪና የሚያወጡ ወጣቶች ዋጋ የሚቆርጡት የመኪናውን ግዝፈትና የሰሌዳውን ዓይነት አይተው ነው፤ እንደዚህ ያለ ገበያ ላይ ትንሽ ሆኖ መታየት ገንዘብ ያተርፋል።

ሁለተኛው ምስጢር ቅርጿ ነው። ጎማዎቿ በአራቱ ማዕዘኖች ጫፍ ላይ ስለተተከሉ ዳገት ግርጌ ስትደርስ መሬቱን ቀድሞ የሚነካው ጎማዋ እንጂ ፓራውርቷ አይደለም። በአራተኛው ትውልድ ከፊት 37 ዲግሪ፣ ከኋላ 49 ዲግሪ ተዳፋት ሳትጋጭ ትቀበላለች፤ የሆዷ ከፍታ 21 ሳንቲ ሜትር ነው። የፊትና የኋላ ጎማዎቿ የሚራራቁት 2 ሜትር ከ25 ሳንቲ ሜትር ብቻ ስለሆነ፣ ረጅሙ መኪና ሆዱ ተንጠልጥሎ የሚቀርበትን ጉብታ በ28 ዲግሪ አንግል ተሻግራ ትሄዳለች። ግራና ቀኝ ጎማዎቿ በአንድ ወጥ አክስል የተያያዙ ናቸው፤ አንዱ ጎማ ድንጋይ ላይ ሲወጣ አክስሉ ሌላውን ወደ ታች ይገፋዋል፣ ስለዚህ ጎማ በአየር ላይ በከንቱ የሚሽከረከርበት ጊዜ ያንሳል። ይህ አሠራር በሌላው ዓለም በአብዛኛው ለጭነት መኪና የተተወ ነው፤ ሱዙኪ ግን በትንሿ መኪናው ላይ እንደያዘው ቀረ።

የጉልበት ማርሹም ሊነገርለት ይገባል። ማርሹ ሲገባ መኪናዋ ሰው ከሚራመደው በዘገየ ፍጥነት፣ ነገር ግን በተባዛ ኃይል፣ ድንጋዩን እየመረጠች ትወጣለች፤ ስትወርድም ፍሬን ሳይረገጥ ሞተሩ ራሱ ይይዛታል። በሦስተኛው ትውልድ ይህ ማርሽ በአንድ ወቅት በአዝራር የሚገባ ሆኖ ነበር። በአራተኛው ወደ እጅ ማንሻ ተመለሰ፤ ጂምኒ ከሚገዙ ሰዎች ውስጥ በዚህ ያልተደሰተ ማግኘት ያስቸግራል። ማንሻው ከሾፌሩ ጎን ቆሞ መታየቱ ብቻ፣ ከቤት ወደ ሥራ ለሚሄድ ሰው እንኳ፣ ዛሬ ካልሆነ ነገ የሆነ ገደል ሊወጣ እንደሚችል ያሳስበዋል።

ይህች መኪና እስከ የት ትወጣለች ለሚል መልሱ ከደቡብ አሜሪካ ይገኛል። በቺሊና በአርጀንቲና ድንበር ላይ የሚገኘው ኦሆስ ዴል ሳላዶ 6,893 ሜትር ከፍታ ያለው፣ በዓለም ላይ ረጅሙ እሳተ ገሞራ ነው። በ2007 መጀመሪያ አንድ የጂፕ ቡድን 6,646 ሜትር ላይ ደረሰ፤ እዚያም ቦታው የጂፕ ማቆሚያ ብቻ እንደሆነ፣ ሌላው መኪና ግን መጀመሪያውኑ እንደማይደርስ የሚያስታውቅ ሰሌዳ ተከለ። ብዙም ሳይቆይ፣ ኤፕሪል 21 ቀን 2007፣ ሁለት ቺሊያውያን ባሻሻሏት ሳሙራይ ሰሌዳውን አልፈው 6,688 ሜትር ደረሱ። ከራስ ዳሽን ጫፍ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ሌሎች በልጠዋታል፤ በአርባ ሁለት ሜትር የተዋረደውን ሰሌዳ ግን የትንሽ መኪና ባለቤቶች አይረሱትም፣ ሌላውም እንዲረሳው አይፈቅዱም።

ከአሠራሩ ውጭ ያለው ማራኪነት መልኳ ነው። የ2018ቷ ጂምኒ ካሬ አካል፣ ክብ መብራትና ቀጥ ያለ መስታወት ይዛ ስትመጣ፣ በዚያው ዓመት የጃፓንን ትልቅ የንድፍ ሽልማት በወርቅ ደረጃ አገኘች፤ በ2019 ደግሞ የዓመቱ የዓለም የከተማ መኪና ተባለች። ለተራራ የተሠራች መኪና በከተማ መኪናነት መሸለሟ ዳኞቹ እውነቱን እንደተናገሩ ያሳያል፤ አብዛኞቹ ገዢዎቿ ከአስፋልት አይወጡምና። ጠባብነቷ ለከተማም ይበጃል። ወርዷ 1 ሜትር ከ64 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ሁለት መኪና በማያሳልፉ የድሮ ሰፈር መንገዶች ከወዲያ የሚመጣው ቪ8 የጎረቤት አጥር ሲለካ እሷ አልፋ ትሄዳለች። ማቆሚያ ስትፈልግም ሌላው ሾፌር አይቶ የተወው ክፍተት ይበቃታል።

ማዕረግ ግን አትሰጥም። አዲስ አበባ ውስጥ መኪና ከመጓጓዣነቱ በፊት መታወቂያ ነው። ቪ8 ሆቴል በር ላይ ሲደርስ ጥበቃው ሰላምታ ይሰጣል፤ ጂምኒ ስትደርስ ጥበቃው ፈገግ ይላል። ፈገግታው ከፍተሻ አያድንም። የዕቃ መጫኛዋ ሲከፈት ግን የሚፈተሽ ነገር የሚገባበት ቦታ ስለሌለ ሥራው ቶሎ ያልቃል።

ወደ ጉድለቷ የሚገባው በዚሁ በር ነው። የኋላ ወንበር ሳይታጠፍ የባለ ሦስት በሯ ጂምኒ የዕቃ ቦታ 85 ሊትር ነው። ሁለት የገበያ ዘንቢል ተጠጋግቶ ይገባል፤ ሦስተኛው የተሳፋሪ ጭን ላይ ይቀመጣል። የፋሲካ በግ በ85 ሊትር ውስጥ አይገባም። የኋላ ወንበሩ ቢታጠፍ በጉ ይገባል፤ ያኔ ደግሞ ልጆቹ ከገበያ በታክሲ ይመለሳሉ። ክብደቱም ሌላ ሂሳብ ነው። ልትሸከም የሚፈቀድላት 300 ኪሎ ገደማ ስለሆነ፣ አራት ጎልማሶች ከተሳፈሩ በኋላ አንድ ኩንታል ጤፍ ለመጨመር መጀመሪያ አንድ ወይም ሁለት ዘመድ ማውረድ ያስፈልጋል። በፖርቶመጋላ ላይ ፍራሽ፣ ከሰልና የዶሮ ቅርጫት ጭኖ ከክፍለ አገር መመለስ ለለመደ ቤተሰብ ይህ ከባድ ዜና ነው።

በሩ ደግሞ ሁለት ብቻ ነው፤ ሦስተኛው የኋላ የዕቃ በር ነው። ከኋላ የሚቀመጥ ሰው የፊተኛው ወንበር እስኪታጠፍ ይጠብቃል፣ አንድ እግሩን ያስገባል፣ አንገቱን ይሰብራል፣ ከዚያ ሌላውን እግሩን ይፈልጋል። ወጣት ይህን እየሳቀ ያደርገዋል። የሐበሻ ቀሚስ ለብሰው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ለሠርግ የወጡ አክስት ግን «እኔ ከፊት ነኝ» ብለው ጉዳዩን ይዘጉታል፤ የአክስት ባልም አብረው ካሉ በታክሲ ይሄዳሉ። ጂምኒ ያለው ሰው ዘመዶቹ ብዙ ጊዜ ሸኘኝ አይሉትም። ይህን ከጥቅሟ የሚቆጥሩ ባለቤቶች አሉ።

አስፋልት ላይ ስትወጣ የተራራው በጎነቷ ሁሉ ዕዳ ይሆንባታል። አጭር ስለሆነች ጉብታ ላይ ፊቷ ሳያርፍ ኋላዋ ይነሳል። ከፍ ያለችና ቀላል ስለሆነች የስምጥ ሸለቆ ነፋስ መሪዋን ይነካካል፤ ትልቅ አውቶቡስ በአጠገቧ ሲያልፍ ደግሞ መጀመሪያ ትገፋለች ቀጥላ ትሳባለች። ካሬ ግንባሯ አየሩን ስለሚጋፈጥ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ሲሄዱ ጨዋታ በጩኸት ነው። ባለ 1.5 ሊትሩ ሞተሯ በወረቀት ላይ 102 የፈረስ ጉልበት አለው። ያ ወረቀት የተጻፈው ግን ለባሕር ጠለል ነው። ያለ ቱርቦ የሚሠራ ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል ስለሚያጣ፣ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው አዲስ አበባ ሩብ የሚጠጋው ጉልበት ከመንገዱ በፊት አልቋል። ዳገት ላይ የተጫነ አይሱዙ መቅደም የፈለገ የጂምኒ ሾፌር ፍሬቻ ያሳያል፣ ማርሽ ይቀንሳል፣ ነዳጁን እስከ መጨረሻው ይረግጣል፣ ሞተሩ ይጮኻል፤ ከዚያ ማርሽ ጨምሮ ወደ ቦታው ይመለሳል። የጎሐ ጽዮንና የደጀንን ቁልቁለትና ዳገት በዚህ ሁኔታ የሚያቋርጥ ሰው የዓባይን በረሃ አሳምሮ የማየት ጊዜ ያገኛል።

አንድ የታወቀ በሽታም አለባት። ከፊት በአንድ ወጥ አክስል የሚሄዱ መኪኖች ሁሉ የሚያውቁት ነው፤ በሰዓት 70 እና 80 ኪሎ ሜትር መካከል መሪው በድንገት ሾፌሩን ጭምር እያንቀጠቀጠ መርገፍገፍ ይጀምራል። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ያልተስተካከለ ጎማ፣ የላላ ቴስቲና ወይም ያረጀ ኩሽኔታ ነው። ፍጥነት ሲቀነስ ይተዋል። መፍትሔው ጋራዥ ነው፤ ነገር ግን ሁሉም በአንድ ጊዜ ካልታየ መካኒኩ አንዱን ሲለውጥ በሽታው ወደ ሌላው ይዛወራል፣ ባለቤቱም ከመካኒኩ ጋር ቤተሰብ ይሆናል።

ከሁሉ የከበደው ክስ የመገልበጥ ነው። ሳሙራይ በ1985 አሜሪካ ገብታ በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ወደ 47,000 የሚጠጉ ተሸጡ። ወጣቶች ወደ ባሕር ዳርቻ የሚነዷት ርካሽ ደስታ ሆነች። በ1988 ግን ኮንሲዩመር ሪፖርትስ የተባለው የሸማቾች መጽሔት፣ ድንገት የመጣ መሰናክል ለማምለጥ መሪዋ ሲጠመዘዝ ጎማዋ ከመሬት እንደሚነሳና ልትገለበጥ እንደምትችል በሙከራ አሳይቻለሁ ብሎ፣ ተቀባይነት የላትም የሚል ደረጃ ሰጣት። ፊልሙ በቴሌቪዥን ታየ፤ ሽያጯም ተንኮታኮተ። ሱዙኪ በ1996 ከሰሰ፤ የሙከራው መስመር መኪናዋ ጎማ እስክታነሳ ድረስ ሆን ተብሎ ተለውጧል አለ። ክርክሩ እስከ 2004 ቆየና ያለ ገንዘብ ካሣ በስምምነት ተዘጋ። መጽሔቱ የሙከራውን ውጤት አልሻረም፤ ሳሙራይ በተለመደ አነዳድ በቀላሉ ትገለበጣለች ማለቱ እንዳልነበር ግን አስታወቀ። ሁለቱም ወገን አሸንፌያለሁ ብሎ ወደ ቤቱ ገባ። ሳሙራይ ግን ከአሜሪካ ገበያ የወጣችው ክሱን እንኳ ሳትጠብቅ በ1995 ነበር።

በዚያ ክርክር ማንም ትክክል ይሁን፣ የሚዛኑን ሕግ ጠበቃ አይለውጠውም። የአሁኗ ጂምኒ ከፍታ 1 ሜትር ከ72 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ከፍታዋ ከወርዷ ይበልጣል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ነገር መታጠፊያ ላይ በፍጥነት አይጣደፍም። በኋላ የተሠሩት መንሸራተትን የሚቆጣጠር ኤሌክትሮኒክስ ስላላቸው ብዙ ይሻላሉ። በግጭት ጊዜ ያለው ጥበቃ ግን መካከለኛ ነው፤ የአውሮፓ የመኪና ደህንነት መርማሪ ድርጅት ዩሮ ኤንካፕ በ2018 ከአምስት ኮከብ ሦስት ሰጣት። ትንሽ መኪና ከትልቅ ጋር ስትጋጭ ትንሽነቷ ምንም አይረዳትም። ጭነት የያዘ ሲኖትራክ በሚሮጥበት መንገድ ላይ ይህን ማወቅ ያስፈልጋል።

ነዳጇም ከመጠኗ ጋር አይመጣጠንም። በአውሮፓ መለኪያ ለ100 ኪሎ ሜትር ወደ 8 ሊትር ቤንዚን ትፈልጋለች፤ በእሷ ልክ ያለ የቤት መኪና ከ5 ብዙ አይርቅም። ካሬ መሆን፣ ቻሲ መሸከምና አራት ጎማ ማዞር ዋጋ አላቸው። የአውሮፓ ኅብረት የፋብሪካዎች አማካይ ልቀት ለአንድ ኪሎ ሜትር 95 ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንዲሆን ሲያዝ፣ ጂምኒ 178 ግራም ታወጣ ነበር። በ2020 ከመንገደኛ መኪና ገበያ ተነሳች። ከዚያ የኋላ ወንበሯን አስወልቃ፣ ባለ ሁለት ሰው የሥራ መኪና ተብላ ተመለሰች። የኋላ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ለሚያውቅ ሰው ልዩነቱ ብዙ አልነበረም።

ይህ ሁሉ ተዘርዝሮም ፈላጊ አላነሰም። በ2018 በብዙ አገሮች ወረፋው ከዓመት በላይ ሄደ። ለቅሬታው ሁሉ መልስ ትሆናለች የተባለችው ባለ አምስት በሯ በጃንዋሪ 2023 ሕንድ ውስጥ ታየች፤ ርዝመቷ 3 ሜትር ከ98 ሳንቲ ሜትር ሆነ፣ አክስትም ያለ ጥል ከኋላ መግባት ቻሉ። ሕንዶች ራሳቸው ብዙም አልተሯሯጡላትም፤ በዚያው ገንዘብ ሰፊ መኪና ያገኛሉና። ጃፓን ግን ኖማድ በሚል ስም በጃንዋሪ 2025 መጨረሻ ትዕዛዝ ሲከፈትላት በአራት ቀን ውስጥ 50,000 ያህል ትዕዛዝ ገባ። ፋብሪካው ያቀደው በወር 1,200 ነበር። ትዕዛዝ መቀበሉ ወዲያው ቆመ።

ከገዙ በኋላ የሚመጣ አንድ በሽታ ደግሞ የባለቤቶቹ ነው። ገዢው የከፈለው ለቅለት ነው። መኪናዋ እጁ ስትገባ ግን ከፊት የብረት ፓራውርት፣ ላዩ ላይ ዊንች፣ ጣሪያው ላይ ፖርቶመጋላ፣ ፖርቶመጋላው ላይ ድንኳን፣ ጎኗ ላይ ጀሪካንና አካፋ ይሰቅልባታል፤ ጎማውን በትልቅ ይለውጠዋል፣ ከፍ እንድትልም ባሌስትራዋን ወይም ሞላዋን ያስነሳል። ሲያበቃ ጭቃ ላይ የምትሰምጥ፣ መታጠፊያ ላይ የምታዘነብል፣ ዳገት ላይ የምትለምን መኪና ይኖረዋል፤ ከቤቱ እስከ ቢሮው ያለውን አስፋልትም በሙሉ ትጥቅ ይመላለሳል። ከዚህ ሁሉ የሚጠቅመው ጥሩ ጎማና የመጎተቻ ገመድ ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ የጂምኒ ዕድል ሁልጊዜ በትንሽ ሲሲ ሲሰናከል ኖሯል። እስከ 2012 ዓ.ም. በሥራ ላይ በነበረው የኤክሳይዝ አዋጅ የመንገደኛ መኪና እስከ 1,300 ሲሲ 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ እስከ 1,800 ሲሲ 60 በመቶ ይከፍል ነበር። ለብዙ ዓመት የተሠራችው የሦስተኛው ትውልድ ጂምኒ ሞተር 1,328 ሲሲ ነው። ለሃያ ስምንት ሲሲ ታክሱ እጥፍ ሆነባት ማለት ነው፤ በዓለም ላይ ካሉ ሲሲዎች ከእነዚህ ሃያ ስምንቱ የበለጠ የተወደደ አልነበረም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ አዋጅ ደግሞ ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። ጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት ኤሌክትሪክ ያልሆኑ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። ኤሌክትሪክ ጂምኒ የለችም። የሱዙኪ ፕሬዚዳንት ቶሺሂሮ ሱዙኪም በ2025 ጂምኒን ኤሌክትሪክ ማድረግ ዋናውን በጎነቷን ማጥፋት እንደሆነ ተናግረዋል፤ ለዚህች መኪና የባትሪ ክብደት ከምንም በላይ ጠላት ነው።

ስለዚህ አገር ውስጥ የሚፈልጋት ሰው የሚያገኘው ያገለገለች ነው። የመስክ ሥራ ያለው፣ ብቻውን ወይም ከአንድ ሰው ጋር የሚጓዝ፣ መንገዱ በክረምት የሚቆረጥበት የጤና ባለሙያ፣ የግብርና ባለሙያ ወይም የንብ እርባታ ባለቤት ከእሷ የተሻለ አያገኝም። አራት ልጅና ብዙ ዘመድ ያለው ሰው ሌላ ይግዛ። ገዢው ቀለሟን አይቶ አይወስን፤ ተንበርክኮ ቻሲዋን ይመልከት፣ ዝገት በብየዳና በቀለም የተሸፈነበትን ቦታ ይፈልግ። የጉልበት ማርሹን አስገብቶ ዳገት ላይ ይሞክራት፤ ብዙ አሮጌ ጂምኒ ላይ ማንሻው ይንቀሳቀሳል፣ የፊት ጎማው ግን አይሰማውም። ቀለበት መንገድ ላይ 80 ድረስ ነድቶ መሪዋ ይርገፍገፍ አይርገፍገፍ ያረጋግጥ። በመጨረሻም መሪውን ለሻጩ ሰጥቶ እሱ ራሱ ከኋላ ይግባና ከሜክሲኮ እስከ ሳሪስ ይቀመጥባት፤ ስለ ዋጋ የሚነጋገረው ከወረደ በኋላ ይሁን።